ከጣሳ የወጡ 412 ሳንቲሞች፦ የተጎዳውን ከተሳሳተው መለየት

ሳምንት 1፣ ቅዳሜ

ጣሳውን ጠረጴዛ ላይ ገለበጥኩት። ለዓመታት ከኪስ፣ ከቦርሳና ከጃኬት ገበር ውስጥ እየተለቀመ የተጠራቀመ ዝርዝር ነው። የአሜሪካ ይበዛል። ቀጥሎ የእንግሊዝ፣ ከዚያ ዩሮ። የካናዳና የኢትዮጵያ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በጠቅላላው 412።

ሥራው ይሄ ነው፦ መልኩ ወጣ ያለውን ሁሉ ማውጣት፣ ከዚያ እያንዳንዱ ከፋብሪካ ተሳስቶ የወጣ ነው ወይስ ከወጣ በኋላ የተጎዳ የሚለውን መወሰን።

በዓይን ብቻ አይቼ ሦስት ቦታ ከፈልኳቸው። «ደህና» 351። «የፋብሪካ ስህተት» 38። «የተበላሸ፣ የማይረባ» 23። ከአንድ ጣሳ 38 ስህተት! በደስታ ተኛሁ።

ዕቃዎቹ፦ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን፣ ስፋትና ውፍረት የሚለካ ካሊፐር፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ ሉፕ፣ ከሞተ ሃርድ ዲስክ ፈትቼ ያወጣሁት ማግኔት፣ አንገቱ የሚታጠፍ መብራት፣ ደብተር። ከወጪው አብዛኛው ሚዛኑ ላይ ሄደ። ማግኔቱ በነጻ ነው።

ሳምንት 1፣ እሑድ

ሚዛኑ ሸወደኝ። የአሜሪካ 5 ሴንት በደንቡ 5.00 ግራም ነው። የመጀመሪያው 5.09 አለ። ሁለተኛው 5.11፣ ሦስተኛው 5.08። ከባድ ሳንቲሞች በተከታታይ! ደስ ብሎኝ ጻፍኩ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ነው የነቃሁት። ሚዛኑን ያስቀመጥኩት ለስላሳ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ነበር። ባትሪውም ደክሟል። ልብሱን አነሳሁ፣ ባትሪ ቀየርኩ፣ በ50 ግራም መመዘኛ አስተካከልኩት። 4.98፣ 5.01፣ 4.97።

ሰባቱንም እንደገና መዘንኩ። ከአሁን በኋላ በየአሥሩ ሳንቲም መሀል መመዘኛውን አንዴ እጭናለሁ።

ሳምንት 2

ከ38ቱ ውስጥ ዘጠኙን «ብረቱ የተሳሳተ» ብዬ ነው የጻፍኳቸው። ማስረጃዬ ማግኔት ነበር። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ሳንቲሞች፣ አንዱ ይለጠፋል፣ አንዱ አይለጠፍም።

ለምሳሌ ሁለት የእንግሊዝ 2 ፔንስ አሉኝ። ሁለቱም 1998 ይላሉ። መልካቸው ቁርጥ አንድ ነው። አንዱ ማግኔቱ ላይ ዘሎ ይወጣል፣ ሌላው ዝም ይላል። ስህተት ግን አይደለም። እንግሊዝ በ1992 ከነሐስ ወደ መዳብ የተለበጠ ብረት ተሻግራለች፣ በ1998 ደግሞ 2 ፔንሱ በሁለቱም ዓይነት ተመቷል። የኢትዮጵያ 25 ሳንቲሞቹም ያው ናቸው። ፲፱፻፷፱ የሚለው የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ስለሆነ ማግኔት አይነካውም። ፳፻ የሚለው ውስጡ ብረት ስለሆነ ተንጠልጥሎ ይነሳል።

ስሙ የሚያሳስትም አለ። የአሜሪካው 5 ሴንት «ኒኬል» ይባላል፣ ግን 75 በመቶው መዳብ ነውና አይለጠፍም። ከ1955 እስከ 1981 የተመታው የካናዳ 5 ሴንት ግን ከሞላ ጎደል ንጹሕ ኒኬል ነው። ጥብቅ ይላል።

ዘጠነኛው ልቤን አቁሞት ነበር። 1943 የሚል፣ መዳብ መልክ ያለው የአሜሪካ ሴንት። በዚያ ዓመት መዳብ ለጦርነት ስለተፈለገ ሴንቱ የተመታው ዚንክ ከተቀባ ብረት ነው። ተሳስተው በነሐስ የወጡት በጣም ጥቂት ናቸው፣ ሰብሳቢዎችም ያብዱላቸዋል። ማግኔቱን አስጠጋሁ። ጠቅ! ተለጠፈ። ተራውን የብረት ሴንት አንድ ሰው መዳብ ነክሮታል። አምስት ደቂቃ ሀብታም ነበርኩ።

ዘጠኙም ወጡ። 29 ቀሩ።

ሳምንት 3

የዚህ ሳምንቱን ባልጽፈው ይሻለኝ ነበር።

14 ሳንቲሞች ላይ «የዞረ ምት» ብዬ ጽፌያለሁ። የአሜሪካ ሳንቲም ዘውዱን ቀና አድርገህ ይዘህ ከላይ ወደ ታች ስትገለብጠው ጎፈሩም ቀና ሆኖ ይመጣል። እነዚህ 14ቱ እንደዚያ ስገለብጣቸው ጎፈሩ ተዘቅዝቆ መጣ። በቃ፣ ሳንቲሙን የሚመታው ማኅተም ዞሯል አልኩ።

ከዚያ አንድ ነገር አየሁ። 14ቱም የእንግሊዝና የዩሮ ናቸው። አንድም አሜሪካዊ የለባቸውም። የእንግሊዝና የዩሮ ሳንቲም ልክ እንደ ሜዳሊያ ነው፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ ወደ ጎን ነው የሚገለበጠው። ስህተቱ የእኔ እንጂ የሳንቲሙ አይደለም። እውነተኛ የዞረ ምት የሚባለው አንድ ሳንቲም ከራሱ አገር ደንብ ሲያፈነግጥ ነው።

አልበቃኝም። የእንግሊዝ 20 ፔንስ አነሳሁ። በ2008 ዲዛይኑ ሲቀየር ዓመቱ ከጎፈሩ ወደ ዘውዱ ተዛወረ። በሽግግሩ ላይ የድሮው ዘውድ ማኅተም ከአዲሱ ጎፈር ጋር ተጋጠመና ዓመት የሌለበት 20 ፔንስ ወጣ። የእኔም ዘውዱ ላይ ዓመት የለም! ለወንድሜ ደወልኩለት። «ገልብጠው እስቲ» አለኝ። ገለበጥኩት። 1996። የድሮው ዲዛይን ነውና ዓመቱ ጎፈሩ በኩል ቁጭ ብሏል። ወንድሜ እስካሁን ይስቃል።

14 ቀሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ሳንቲም እንዴት እንደሚሠራ ማንበብ ነበረብኝ። መጀመሪያ ላይ ማድረግ የነበረብኝን ማለት ነው። በአጭሩ፦ ከረጅም ጠፍጣፋ ብረት ላይ ክብ ቁራጭ ይበሳል። ቁራጩ ጠርዙን በሚጨምቅ ማሽን ውስጥ ይንከባለልና ዳሩ ትንሽ ከፍ ይላል። ከዚያ በሁለት ማኅተሞች መካከል ገብቶ ይመታል፣ ዙሪያውን ደግሞ ቀለበት ይዞታል። ጎኑ ላይ ያለው ጥርስ የሚወጣው ከዚህ ቀለበት ነው። የፋብሪካ ስህተት ከተባለ ከእነዚህ ደረጃዎች በአንዱ ላይ መፈጠር አለበት። የትኛው ላይ እንደሆነ መናገር ካልቻልኩ ስህተት ነው ማለት አልችልም።

ደብተሬ ሽፋን ላይ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፦ ብረቱ የት ሄደ?

ሳምንት 4

ኪሳራ። ከእንግሊዝ ፔኒዎቹ አንዱ ላይ አረንጓዴ ዝገት ነበር፣ ከሥሩ ያለው ፊደል አልታይ አለኝ። አቼቶና ጨው ውስጥ ነክሬ አደርኩ። ጠዋት ሳወጣው ቆዳው የተገፈፈ ይመስል ሮዝ ሆኗል። ዝገቱ ለቋል፣ ግን ፊደሉም አብሮ ደክሟል። አሲዱ ከመዳቡም ወስዷል። የነበረውን ማስረጃ በገዛ እጄ አጠፋሁት።

ቀጥሎ አሴቶን ሞከርኩ። አሴቶን ቅባትና ሙጫ ያሟሟል እንጂ ብረቱን አይበላም፣ ሐሳቡ ትክክል ነው። የተጠቀምኩት ግን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውን ነበር። ዘይትና ሽቶ አለበት። ሲደርቅ ሳንቲሙ ላይ እንደ ጭጋግ ያለ ነገር ቀረ። ንጹሕ አሴቶን ገዝቼ፣ መስኮት ከፍቼ፣ እሳት በሌለበት ደገምኩ። አምስት ደቂቃ መንከር፣ በወረንጦ ማውጣት፣ ሳይፈትጉ በአየር ማድረቅ። ይሄ ይሠራል። ዝገት ግን አያነሳም። ዝገት ያለበትን እንዳለ ትቼዋለሁ።

ሳምንት 5

ትንሹ ኳርተር፣ ማለትም የአሜሪካ 25 ሴንት።

ይሄን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው የምወደው። የአሜሪካ ኳርተር ስፋቱ 24.26 ሚሊሜትር ነው። የእኔው በካሊፐር 23.4። ዳሩ ወፍራምና ድቡልቡል፣ ከውስጥ እንደ ሳህን ጠርዝ የተጠቀለለ። ጎኑ ላይ ጥርስ የለም፣ ልሙጥ ነው። ከዳሩ አጠገብ ያሉት ፊደላት ግማሻቸው በተጠቀለለው ብረት ተውጠዋል። ዘውዱ ላይ ያለው ፊት ግን ምንም አልሆነም።

ግምቴ የሌላ ትንሽ ሳንቲም ቁራጭ ላይ የተመታ ኳርተር ነው የሚል ነበር። ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። 5.58 ግራም። ደንቡ 5.67 ነው። እንግዲህ ይሄ ነው የሚያስቸግረው። በትንሽ ቁራጭ ላይ ቢመታ ኖሮ ክብደቱ በብዙ መቀነስ ነበረበት። እዚህ ግን ስፋቱ ጠበበ፣ ክብደቱ ከሞላ ጎደል እንዳለ ነው።

ብረቱ የት ሄደ? የትም። ዳሩን በካሊፐር ለካሁ፦ 2.3 ሚሊሜትር። የኳርተር ውፍረት 1.75 ነው። ከስፋቱ የጎደለው ብረት ወደ ዳሩ ተሰብስቧል። አንድ ነገር ጎኑን ደግሞ ደጋግሞ ቀጥቅጦታል ማለት ነው። ዙሪያውን እኩል ስለሆነ መዶሻ ሊሆን አይችልም።

መልሱ የልብስ ማድረቂያ ማሽን ሆኖ ተገኘ። ከኪስ የወጣ ሳንቲም ትልልቅ ማድረቂያዎች ውስጥ ከበሮው ጥግ ይሸጎጣል። ከበሮው በዞረ ቁጥር እየተንከባለለ በጎኑ ይጋጫል፣ ለሳምንታት ምናልባትም ለወራት። በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ምቶች ዳሩን ወደ ውስጥ ይጠቀልሉታል። ፊቱ ዳሩ ስለሚከልልለት አይነካም።

የሚገርመው በዚያው ቀን የተቃራኒውን አገኘሁ። 1978 የሚል የአሜሪካ ሴንት፣ እሱም ጠባብ፣ 18.6 ሚሊሜትር። ደንቡ 19.05 ነው። ክብደቱ 2.62። እስከ 1982 ድረስ ሴንቱ 95 በመቶ መዳብ ስለነበር 3.11 መሆን አለበት፤ ቀለል ያለው፣ መዳብ የተቀባው የዚንክ ሴንት 2.5 ግራም ነው፣ የመጣውም በ1982 ነው። ስለዚህ የእኔው ለመዳብ ቀሎ ለዚንክ ከብዶ መሀል ቤት ቀርቷል። ውፍረቱም፣ ስፋቱም፣ የፊደሉ ከፍታም በልክ በልኩ ቀንሷል። ሁሉም ነገር አብሮ ሲከሳ አሲድ ነው። አቼቶው ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ኳርተሩ ብረቱ ተዛውሮበታል፣ ሴንቱ ተወስዶበታል።

ሳምንት 6

ስድስት ሳንቲሞች ላይ «ድርብ ምት» የሚል ጽሑፍ አለኝ። ፊደላቱ ሁለት ሁለት ይመስላሉ። ዝነኛው የ1955ቱ የአሜሪካ ሴንት ነው፣ ዓመቱ በባዶ ዓይን ሁለት ሆኖ ይታያል። እሱ የመጣው ማኅተሙ ራሱ ሲቀረጽ ትንሽ ተዛንፎ ሁለቴ ስለተጫነ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ምስሎች ከፍ ያሉና ድቡልቡል ናቸው፣ ፊደሉም ከወትሮው ይሰፋል።

የእኔዎቹን ክብ መብራት ባለው ማይክሮስኮፕ ነበር ያየሁት። በእሱ ስር ሁሉም ነገር ድርብ ይመስላል። መብራቱን አጥፍቼ አንድ አምፖል ብቻ ከጎን ዝቅ አድርጌ አበራሁ። ሦስቱ ላይ የነበረው «ድርብ» ጥላ ሆኖ ተገኘ። በሌሎቹ ሁለቱ ሁለተኛው ምስል ዝቅ ያለ፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ደረጃ ነው፣ የተቆረሰውም ከፊደሉ ከራሱ ነው፤ ፊደሉ ሰፋ ከማለት ፈንታ ቀጥኗል። ይሄ ማኅተሙ ከመታ በኋላ ሲላቀቅ ትንሽ ስለተንሸራተተ የሚመጣ ነው፣ በየቦታው አለ። ስድስተኛው የዚንክ ሴንት ሲሆን የመዳቡ ልባጥ ፊደሉ ስር ተሰንጥቆ ዚንኩ በነጭ መስመር ይታያል። ስድስቱም ወጡ።

እግረ መንገዴን ፊታቸው ላይ ትንንሽ እብጠት ያለባቸውን ሁለት የዚንክ ሴንቶችም አወጣሁ። ልባጡ ስር የታፈነ አየር ነው። ከፋብሪካ ቢሆንም ቁጥር ስፍር የለውም።

በተረፈ አንድ 10 ሴንት አለ፣ ፊቱ ላይ የሌላ ሳንቲም ፊደላት ተገልብጠውና ሰርጉደው የታተሙበት። ፋብሪካ ውስጥ የተመታው ሳንቲም ማኅተሙ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ የሚቀጥለውን ቁራጭ ሲመታ እንዲህ ያለ ነገር ይፈጠራል። ሌላ ሰው ሊሠራው ይችል እንደሆነ ለማየት እኔው ሞከርኩ። ሁለት ተራ ሴንቶች ፊት ለፊት ገጥሜ ሞርሳ ውስጥ አሰርኩና እጀታውን በሙሉ አቅሜ አጠበቅኩ። ትንሽ እንጨት መሀል ማስገባት ረስቼ ነበር፣ የሞርሳው ጥርስ በሁለቱም ጀርባ ላይ ታተመ። ደግነቱ ያ ስህተት ነው መልሱን የሰጠኝ። 10 ሴንቷን ገለበጥኳት። ጎፈሩ ላይ ከፍ ማለት ያለበት ሁሉ ተድጧል፣ በሉፕ ሲታይ ትይዩ የሆኑ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። የሞርሳ ጥርስ። ፋብሪካ ቢሆን ኖሮ ጀርባዋ እንደማንኛውም ሳንቲም ጥርት ብሎ ይመታ ነበር።

ሳምንት 6፣ ዓርብ

አጭር። በሁለቱም በኩል ዘውድ ያለው ኳርተር ጠረጴዛ ላይ ጣልኩት። ሌላው «ጭል» ሲል ይሄ «ደፍ» አለ። በሉፕ ከዳሩ ከውስጥ በኩል ፀጉር የመሰለ ክብ መስመር አለ። አንዱን ኳርተር በቶርኖ አጎድጉደው ሌላውን አቅጥነው ከተውበታል። የአስማተኛ ሳንቲም ነው። በዚህ ሳንቲም ዘውድ ወይስ ጎፈር ሲጣል ስንቱ እንደተበላ እግዜር ይወቅ።

ሳምንት 7

«ከማይረባው» ክምር ጥቁር የሆነ ኳርተር። ዓመቱ ላይ ተፍቋል። ጎኑን አየሁት፦ በአዲሶቹ ላይ የሚታየው የመዳብ መስመር የለም። 6.18 ግራም። እስከ 1964 ያሉት 90 በመቶ ብር ሲሆኑ 6.25 ይመዝናሉ። ለማረጋገጥ ውሃ ተጠቀምኩ። ብርጭቆ ውሃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ንባቡን ዜሮ አደረግኩ። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስሬ፣ ታችም ጎንም ሳይነካ ውሃው ውስጥ አንጠለጠልኩት። ሚዛኑ 0.60 አለ። ያ የተገፋው ውሃ ክብደት ነው። 6.18 ለ0.60 ሲካፈል 10.3፣ ማለትም ከውሃ 10.3 እጥፍ ይከብዳል። የመዳብና የኒኬል ቅይጥ 8.9 አካባቢ ነው። ብር ነው።

ተደስቼ ያንኑ በሴንት ላይ ሞከርኩ፣ አልሆነም። የዚንክ ሴንት የሚገፋው ውሃ 0.35 ግራም ብቻ ነው። ሚዛኔ 0.01 ቢሳሳት ውጤቱ ወደ 3 በመቶ ይዛነፋል። አንዴ 6.9፣ አንዴ 7.4 እያለ ይዋልላል። አሥሩን ባንድ ላይ አስሬ ሳንጠለጥል ተረጋጋ፣ ግን አሥር ባንድ ላይ መዝኖ የአንዱን ማንነት ማወቅ አይቻልም። ለትንንሾቹ ይሄን ዘዴ ትቼዋለሁ። ክሩ ላይ የተለጠፈች የአየር ጠብታም ታሳስታለች፣ ሳሙና በነካ ጣት ክሩን ማርጠብ ይረዳል።

ሳምንት 9

ከ38ቱ ሁለት ቀሩ። አንደኛው ፔኒ ዳሩ ላይ ቅርጽ የሌለው ጉብታ አለው። ማኅተሙ ጠርዙ ላይ ተሰብሮ ወድቆ ብረቱ ክፍተቱን ሞልቶታል። ጉብታ ነው፣ ብረት ተጨምሯል፤ በመዶሻ ይሄን መሥራት አይቻልም። ሁለተኛው ዩሮ ላይ ሁለት ፊደላት ደብዝዘው ሊጠፉ ደርሰዋል፣ ዙሪያቸው ግን ፍቅፋቂ የለም። ማኅተሙ ውስጥ ቅባትና ቆሻሻ ተጠቅጥቆ ነበር። ሁለቱም የፋብሪካ ናቸው።

ዛሬ 23ቱን ልጥል ስል አንድ የአሜሪካ 5 ሴንት ላይ ዓይኔ አረፈ። ጎኑ እንደ ብስኩት የተገመጠ ነው። የመጀመሪያ ቀን «በሞረድ የተበላ» ብዬ ጽፌበታለሁ። 4.71 ግራም። ብረት ጎድሎታል፣ እሺ። ግን ግምጫው ቅስት ነው። ሌላ 5 ሴንት አምጥቼ ቅስቱ ላይ ገጠምኩት፣ ገጠመ። ከቅስቱ አጠገብ ያሉት ፊደላት አልተቆረጡም፣ ወደ ጉድለቱ ተስበው ደብዝዘዋል። ሞረድ ቢሆን ፊደሉን ልክ እንደ ቢላ ይቆርጠው ነበር።

ከዚያ ትክክል በተቃራኒው በኩል ያለውን ዳር በሉፕ አየሁ። ዳሩ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ዝቅ ብሎ ሊጠፋ ደርሷል። ቁራጩ ሲበሳ ቀድሞ ከተበሳው ቀዳዳ ጋር ተደራርቧል፣ ስለዚህ ገና ሳይመታ ግማጭ ነበር። ጠርዝ የሚጨምቀው ማሽን ውስጥ ሲገባ በተገመጠው በኩል የሚገፋው ነገር አልነበረም፣ ስለዚህ በፊት ለፊቱ ያለውም ዳር ሳይጨመቅ ቀረ። ይሄን በሞረድ የሚያስመስል ሰው ካለ አላውቀውም።

ከሦስቱ እውነተኛ ስህተቶች ምርጡ ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ የማይረባው ክምር ውስጥ ነበር ማለት ነው። 23ቱን ወደ ጠረጴዛው መለስኳቸው። «ደህና» ያልኳቸው 351ዱም ጣሳው ውስጥ ናቸው፣ እነሱንም ያየሁት በዓይን ብቻ ነው። ባትሪ ቀይሬያለሁ። ነገ ከዩሮዎቹ እጀምራለሁ።